ካዝናው ስንት ይጉረስ?

ለፌዴራል ፖሊስ ኮሚሽን
ለአማራ ብሔራዊ ክልላዊ መንግሥት ሰላምና ጸጥታ ቢሮ
ለባሕር ዳር ከተማና ለጣና ዙሪያ ወረዳዎች የጸጥታ ጽሕፈት ቤቶች
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ፈቃድ ያለው ሰው ሊይዘው የሚችለው የካዝናና የጥይት መጠን በግልጽ እንዲነገር ስለመጠየቅ



ካዝና ጥይት የሚደረደርበት፣ ከመሣሪያው ሆድ ሥር የሚሰካ የብረት ወይም የፕላስቲክ ሳጥን ነው። የተለመደው የክላሽ ካዝና 30 ጥይት ይጎርሳል። ማካሮቭ ሽጉጥ 8፣ ሲሞኖቭ ጠመንጃ 10፣ ምንሽርና ሞዜር 5 ይጎርሳሉ። አርፒኬ ለሚባለው ለክላሽ ታላቅ ወንድም የተሠሩት ባለ 40 እና ባለ 75 ካዝናዎች ደግሞ ተራው ክላሽ ላይም ይገባሉ። ፈቃድ ያወጣ ሰው ከእነዚህ የትኛውን፣ ስንት፣ ከስንት ጥይት ጋር ይያዝ? ይህ ደብዳቤ የተጻፈው ለዚህ ጥያቄ በአንድ አፍ የሚነገር፣ በአንድ ወረቀት የሚነበብ መልስ እንዲሰጠው ነው።

አማርኛ ለጥያቄው እንግዳ አይደለም። መሣሪያን በጉርሻው ቆጥሮ መጥራት የቆየ ልማድ ነው፤ አምስት ጎራሽ፣ ስድስት ጎራሽ ይባላል። በዐድዋ ዘመን በብዙ ሰው እጅ የነበረው ውጅግራ፣ ስሙ ፉዚል ግራ ከሚለው የፈረንሳይኛ መጠሪያ የመጣው፣ አንድ ብቻ ይጎርስ ነበር። ተኳሹ ቀለሁን አውጥቶ ሌላ እስኪያጎርስ ድረስ በእጁ ያለው ዱላ ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ከእሱ በኋላ የመጡት ምንሽርና ሞዜር አምስት ጎረሱ። የእነዚህ የጥይት ማኅደር ከመሣሪያው ጋር አብሮ የተሠራ ስለሆነ እንደ ክላሽ ካዝና እየተነቀለ አይቀየርም። ስለዚህ የመሣሪያውን ዓይነት የጻፈ ወረቀት የጉርሻውንም ልክ ጻፈ ማለት ነበር፤ «አንድ ምንሽር» ካለ አምስት ነው፣ ሌላ ጥያቄ የለም።

ክላሽ ይህን ቀላል ሒሳብ አፈረሰው። በደርግ ዘመን በብዛት ገባ፤ በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተንም ብዙው ወደ ግለሰብ እጅና ወደ ገበያ ወጣ። ካዝናው ተነቃይ ነው። ብቻውን ይሸጣል፣ ይዋሳል፣ ይወረሳል። መሣሪያው በአካሉ ላይ የተቀረጸ መለያ ቁጥር አለው፤ ካዝናው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከባለቤቱ ስም ጋር የሚያስተሳስረው ምንም ቁጥር የለውም። አንድ መሣሪያ ዛሬ በአንድ ካዝና 30 ጎራሽ፣ ነገ በአራት ካዝና 120 ጎራሽ ሊሆን ይችላል። የብረቱ ቁጥር አልተለወጠም፤ የወረቀቱም ቃል አልተለወጠም።

በገበያ ቋንቋ «ክላሽ ከነሙሉ ትጥቁ» ሲባል ዝናሩ፣ ትርፍ ካዝናዎቹና የሚሞላቸው ጥይት አብረው መሆናቸውን ሻጭም ገዥም ያውቃሉ። ሁለት በሬ ሸጦ የገዛ ገበሬ ዋጋውን የከፈለው ለዚህ ሁሉ ነው። ፈቃዱ «አንድ ክላሽ» ቢል የተፈቀደለት ብረቱ ነው ወይስ ትጥቁ? አንድ መኮንን «ካዝና ከሌለው መሣሪያው ምን ይሠራል፣ ያው አብሮ የተፈቀደ ነው» ሊል ይችላል። ሌላው ደግሞ «የተጻፈው አንድ መሣሪያ ነው፤ ከተሰካው ካዝና ውጭ ያለው ሁሉ ትርፍ ነው» ቢል ንግግሩ ከአእምሮ የራቀ አይደለም። ሁለቱም ቅን ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ። ገበሬው ግን በመጀመሪያው ፊት ሕጋዊ፣ በሁለተኛው ፊት ወንጀለኛ ነው።

የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የጸደቀው በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ማብቂያ ነው። በየአካባቢው ግጭት በበረታበትና የመሣሪያ ዝውውር በናረበት ወቅት የወጣ ሕግ ነው። ባሕር ዳር የዚያን ወቅት ክብደት ለማወቅ ማስረጃ አያስፈልጋትም፤ የክልሉ ርዕሰ መስተዳድር ዶክተር አምባቸው መኮንን ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር የተገደሉት ሰኔ 15 ቀን 2011 ዓ.ም. በዚህችው ከተማ ነው። ስለዚህ መሣሪያ ቁጥጥር ያስፈልገዋል ወይ በሚለው ላይ ክርክር አይነሳም። ክርክሩ ቁጥጥሩ በቁጥር ይነገር በሚለው ላይ ነው።

አዋጅ በነጋሪት ጋዜጣ ይወጣል፤ የክልል ሕግ በዝክረ ሕግ ይታተማል። ጋዜጣው ግን ቁንዝላ ገበያ አይሸጥም፤ ሐሙሲት ቀበሌ ግድግዳ ላይም አይለጠፍም። ባለመሣሪያው ዘንድ የሚደርሰው በስብሰባ ላይ በቃል የተነገረው፣ ከዚያም ከስብሰባው የመጣ ጎረቤት የደገመው ነው። ቃል ደግሞ በመንገድ ይለወጣል። «የተፈቀደ» የተባለው «የታለፈ»፣ «ይመዝገብ» የተባለው «ይወሰድ» ሆኖ ይደርሳል። ሁለተኛው ሲሰማ የሚሆነው የታወቀ ነው፤ ሊያስመዘግብ ያሰበው ሰው መሣሪያውን በጨርቅ ጠቅልሎ ጎተራ ሥር ይቀብራል። መንግሥት ሊያውቀው የሚገባው መሣሪያ ከእይታ የሚሰወረው ሁልጊዜ በተንኮል አይደለም፤ ብዙ ጊዜ በወሬ ነው።

የወንጀል ሕጉ እዚህ ላይ ይከብዳል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 2 በሕግ ወንጀል ተብሎ ያልተደነገገ አድራጎት እንደ ወንጀል እንዳይቆጠር ያዛል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 22 አንድ ሰው በፈጸመበት ጊዜ ወንጀል ባልነበረ አድራጎት እንዳይቀጣ ይከለክላል። በሌላ በኩል የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 81 ሕግን አለማወቅ ይቅርታ እንደማያሰጥ ይናገራል፤ በቅን ልቦና፣ በቂ ምክንያት ኖሮት መብት ያለው መስሎት ለሠራ ሰው ግን ፍርድ ቤት ቅጣት ሊያቀልለት ይችላል። የዝናሩ ጉዳይ በእነዚህ መካከል ይወድቃል። ሕጉን አላውቅም ማለት አይቻልም፤ ለማወቅ የጠየቀ ሰው ግን ከሦስት ጽሕፈት ቤት ሦስት መልስ ይዞ ቢወጣ የትኛውን አወቀ ይባላል? ዳኛ ዘንድ ደርሶ ቅጣት ቢቀልለትም እስከዚያ ድረስ በጣቢያ ያደረበት ሌሊት፣ ያልታረሰ ማሳ፣ ለጠበቃ የወጣ ገንዘብ አይመለስም።

የጣና ዳርቻ አቀማመጥ ችግሩን ያባብሰዋል። ሐይቁ አንድ ቢሆንም ዳርቻው የባሕር ዳር ከተማ አስተዳደርን፣ የጎጃምን፣ የደቡብ ጎንደርንና የማዕከላዊ ጎንደርን መሬት ይነካል። ለምሳሌ አንድ ሰው ከቁንዝላ ተነስቶ፣ መሣሪያውን በሕግ አስመዝግቦ፣ ዘመዱ ሞቶበት በጀልባ ወደ ጎርጎራ ይሻገራል እንበል። ልቅሶ ነው፤ በአካባቢው ልማድ መሣሪያ ይዞ መገኘት ለሟች ክብር ነው። ሲነሳ የታየው ሁለት ካዝና ሲደርስ ስንት ሊባል ነው? ጀልባው ላይ ካዝናው ተነቅሎ ይጓዝ ወይስ ተሰክቶ? ዘጌ ላይ ደንገል ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው ይህን የሚጠይቀው ጽሕፈት ቤት የት ነው? ጥያቄዎቹ ትንንሽ ይመስላሉ፤ በኬላ ላይ ግን ሰው የሚያዘው በእነዚህ ትንንሾች ነው።

ሠርግም አለ። ወንድ ልጅ ሲወለድ፣ ሙሽራ ሲመጣ፣ ጀግና ሲቀበር ወደ ሰማይ መተኮስ የኖረ ልማድ ነው። የተተኮሰ ጥይት ተመልሶ እንደሚወርድና ሰው እንደሚገድል የሚያውቅ ሁሉ ልማዱ ቢቀር አይጠላም፤ የዚህ ደብዳቤ አቋምም ይኸው ነው። ነገር ግን የሠርጉ ተኩስ ከቁጥሩ ጥያቄ ጋር የተያያዘ ሌላ ነገር ያነሳል። ሠላሳ ጥይት የተፈቀደለት ሰው አሥሩን ለጅብ ወይም ለሌባ ቢተኩስ ባዶውን እንዴት ይሞላል? በሕግ የሚገዛበት ቦታ በቅርብ ካልተነገረው የሚሄደው ወደ ድብቁ ነጋዴ ነው። ሕጋዊው መሣሪያ በሕገ ወጥ ጥይት ይሞላል፤ ፈቃድ ያለው ሰውም ሳይፈልግ የኮንትሮባንዱ ደንበኛ ይሆናል። የጥይትን ልክ መወሰን ብቻውን በቂ አይደለም፤ ልኩ ሲጎድል በየት በኩል እንደሚሞላ አብሮ መነገር አለበት።

ሌላው ግራ መጋባት የመጣው ከዘመኑ መፈራረቅ ነው። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. የትግራዩ ጦርነት ወሎ ውስጥ ሲገፋ ዜጎች በእጃቸው ያለውን መሣሪያ ይዘው እንዲዘምቱ ጥሪ ተላለፈ። በዚያው ወር ማብቂያ በአገር አቀፍ ደረጃ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የአዲስ አበባ ነዋሪዎች ደግሞ መሣሪያቸውን በሁለት ቀን ውስጥ እንዲያስመዘግቡ ተነገራቸው። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ግድም የክልል ልዩ ኃይሎች እንዲፈርሱ ተወሰነ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የተነሳውን ግጭት ተከትሎ ሌላ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወጣ፤ በጥር 2016 ዓ.ም. ለተጨማሪ አራት ወር ተራዘመ። በአንድ ገበሬ ዕድሜ ሳይሆን በሦስት የመኸር ወቅት ውስጥ ያው ካዝና የአገር መከታ፣ ቀጥሎ የምዝገባ ዕቃ፣ ቀጥሎ የጥርጣሬ ምክንያት ሆነ። እያንዳንዱ ውሳኔ የራሱ ምክንያት ነበረው ቢባል እንኳ፣ አንዱ አልፎ ሌላው ሲመጣ የቀድሞው ፈቃድ ይጸናል ወይስ ይሻራል የሚለው በጽሑፍ ለባለመሣሪያው መድረስ ነበረበት። «ያኔ ሙሉ ትጥቅህን ይዘህ ና ተባልሁ» የሚል ሰው ፌዘኛ አይደለም፤ እውነቱን ነው።

በሌላው ዓለም ጉርሻን በቁጥር መወሰን የተለመደ ነው። ካናዳ ራሱን በራሱ ለሚያጎርስ መካከለኛና ትልቅ ጥይት ጠመንጃ በጥቅሉ 5፣ ለሽጉጥ 10 ብላ ወሰነች፤ እዚያ የሚሸጥ ሠላሳ ጎራሽ ካዝና ከአምስት በላይ እንዳይቀበል ውስጡ በብረት ይቸነከራል። የአውሮፓ ኅብረት በ2017 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባወጣው መመሪያ ለረጅም ከፊል አውቶማቲክ መሣሪያ ከ10 በላይ፣ ለአጭሩ ከ20 በላይ የሚጎርስ ካዝናን ከጥብቁ ክልከላ ጋር አያያዘው። ኒው ዚላንድ በ2019 በክራይስትቸርች መስጊዶች ከደረሰው ጭፍጨፋ በኋላ ለአነስተኛው ጥይት ጠመንጃ 10 የሚል ጣሪያ አስቀመጠች። አሜሪካም በዚሁ አቆጣጠር ከ1994 እስከ 2004 ድረስ አዲስ ለሚመረቱ ካዝናዎች 10 የሚል የፌዴራል ገደብ ነበራት። ቁጥሮቹ ይለያያሉ፤ የእኛ ቁጥር የግድ እንደነሱ ይሁን የሚልም የለም። የሚጠቅመው ነገር ሌላ ነው፤ ባለመሣሪያው ካዝናውን አይቶ፣ ቆጥሮ፣ ማንንም ሳይጠይቅ ሕጋዊ መሆን አለመሆኑን ያውቃል።

እነሱም ቢሆኑ አልተደናገሩም ማለት አይደለም። በካሊፎርኒያ በ2019 የጸደይ ወቅት አንድ ዳኛ የካዝናውን ገደብ በማገዱ ለአንድ ሳምንት ያህል ትልልቅ ካዝና መግዛት ተፈቀደ፤ ከዚያ እንደገና ተከለከለ። በዚያች ሳምንት የገዛና ከሳምንቱ በኋላ የገዛ ሁለት ሰው በመደርደሪያቸው ላይ ያለው ዕቃ አንድ ነው፤ በሕግ ፊት ያላቸው ቦታ ግን ለየቅል ሆነ። ካዝና ላይ የተገዛበት ቀን ስለማይጻፍ ማስረጃው ደረሰኝ ነው። ጣና ዳር ግን ደረሰኝ የሚባል ነገር ከዚህ ንግድ ጋር ተዋውቆ አያውቅም።

ከዚህ ሁሉ በመነሳት የሚከተለው በአክብሮት ይጠየቃል።

ፈቃድ የሚሰጠው አካል የተፈቀደውን በአካባቢው ስም ይጻፍ። «ከፊል አውቶማቲክ ረጅም መሣሪያ» የሚለው ቃል ለሕግ ሰው ይጥማል፤ ባለመሣሪያው ግን የሚያውቀው ባለ ሰደፍ ክላሽ፣ ታጣፊ ክላሽ፣ ሲሞኖቭ፣ ምንሽር፣ ማካሮቭ ነው። ከእያንዳንዱ ጎን የሚፈቀድ ከሆነ የካዝናው ብዛት፣ የአንዱ ካዝና ጉርሻና የጥይቱ ጠቅላላ ቁጥር ይስፈር፤ የማይፈቀድ ከሆነም «አይፈቀድም» ተብሎ ይጻፍ። ከሁሉ የሚጎዳው ዝምታው ነው። ይኸው ገጽ በየቀበሌው ጽሕፈት ቤት፣ በየገበያውና በባሕር ዳር ጀልባ መነሻ ላይ ይለጠፍ። በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ቢነገርም አይከፋም፤ በእነዚህ ቦታዎች የተነገረ ነገር ከጋዜጣ ይልቅ ይሰማል።

የፈቃዱ ወረቀትም ካዝናን ይወቀው። መሣሪያው በመለያ ቁጥሩ ሲመዘገብ ከሥሩ «ካዝና ይህን ያህል፣ ጥይት ይህን ያህል» የሚል መስመር ይኑር፤ ኬላ ላይ የቆመ ወጣት ፖሊስም ቆጥሮ ያመሳክራል እንጂ በግምት አይፈርድም። ይህ ለባለመሣሪያው ብቻ አይደለም፤ ለፖሊሱም ነው። መመሪያው ግልጽ ያልሆነለት ፖሊስ ቢያልፍ በቸልተኝነት፣ ቢይዝ በበደል ይወቀሳል።

ከልክ በላይ የሆነ ካዝና ወይም ጥይት ያለው ሰው ሳይከሰስ የሚያስረክብበት ጊዜ ይወሰን። ሲያስረክብም ሆነ ሲወሰድበት የዕቃው ዓይነትና ብዛት የተጻፈበት፣ የተረካቢው ስምና ማኅተም ያለበት ደረሰኝ ይሰጠው። በሬ ሸጦ የገዛውን ያለ ወረቀት የተነጠቀ ሰው ሕግ ተከበረ ብሎ ወደ ቤቱ አይሄድም። ደግሞም ያልተጻፈ ካዝና መጨረሻው የት እንደሆነ አይታወቅም፤ ከአንዱ ዝናር ወጥቶ ሌላ ዝናር ውስጥ ቢገኝ ማን ይጠየቃል?

የሟች መሣሪያ ጉዳይም ይታሰብ። አባት ሲሞት ክላሹ ቤት ውስጥ ይቀራል፤ ፈቃዱ ግን በሟች ስም ነው። ሚስት ወይም ልጅ በስንት ቀን ውስጥ ማስታወቅ እንዳለባቸው፣ እስከዚያ ድረስ ቤት ውስጥ መቀመጡ ወንጀል እንደማይሆን በዚያው ገጽ ላይ ቢጻፍ ብዙ ባልቴቶች ከጭንቀት ይድናሉ። በተመሳሳይ በመንግሥት መሣሪያ የሚያገለግል ሚሊሻ የግሉንም ከያዘ የሁለቱ ጥይት ለየብቻ ይቆጠር ወይስ ባንድ ላይ የሚለው ይመለስለት።

በመጨረሻም የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲወጣና ሲነሳ በፈቃዱ ላይ የሚያመጣው ለውጥ አብሮ ይገለጽ። አዋጁ በሚነሳበት ቀን የታገደው ፈቃድ ወደ ነበረበት ይመለሳል ወይስ አዲስ ይወጣል? በ2012 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183 መመሪያ ለሕዝብ ይፋ ይሁን የሚል መርሕ አቁሟል። የጸጥታ ሥራ ምስጢር የሚሻበት ቦታ እንዳለ አይካድም፤ አንድ ገበሬ ስንት ካዝና ይያዝ የሚለው ግን ከምስጢር ወገን አይደለም።

መልሱ በጽሑፍ፣ ከመጪው የመኸር አዝመራ በፊት፣ ለሕዝብ በሚደርስ መንገድ እንዲሰጥ በአክብሮት ይጠበቃል።


ባሕር ዳር

ግልባጭ፦
ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት
ለአማራ ክልል ምክር ቤት
ለጣና ዙሪያ ቀበሌዎች ሕዝብ